ኦሌዱ ብርሃኑን የት ላይ ነው የሚያጣው? ብቃትን ለማሻሻል የምከተለው መንገድ

የምውለው ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ውስጥ፣ ኦሌድ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ብርሃን ከሚሰጡ ስስ የኦርጋኒክ ንብርብሮች የሚሠራ መብራት) በሚሠራበት ላቦራቶሪ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ብቃቱ ከፍ እንዲል የትኛውን ሞለኪውል ልጠቀም?» ብሎ ነው። ኢትዮጵያ ተምረው ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ አውሮፓ የመጡ ልጆች የሚልኩልኝ መልእክትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሞለኪውሉን ለጊዜው ተዉትና አሁን በእጃችሁ ያለው ኦሌድ ብርሃኑን የት ላይ እንደሚያጣ ፈልጉ። ይህን ሳያውቅ ሞለኪውል የሚቀይር ሰው ውድ ዱቄት ገዝቶ የቀድሞውን ጉድለት ይዞ ይቀጥላል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ፍለጋው በምን ቅደም ተከተል እንደሚካሄድ ነው፤ ቅደም ተከተሉን በጥብቅ አምንበታለሁ።

ውጫዊ የኳንተም ብቃት ማለት ወደ ኦሌዱ ከገቡት መቶ ኤሌክትሮኖች ስንቱ ከመስታወቱ ውጭ የሚታይ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) አስገኙ ማለት ነው። ቁጥሩ የአራት ነገሮች ብዜት ነው። አንደኛው ኤሌክትሮንና ሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት ፖዘቲቭ ስፍራ) ተመጣጥነው መገናኘታቸው ነው። ሁለተኛው በግንኙነቱ ከሚፈጠሩት ኤክሳይቶኖች (ጉልበት ያዘሉ የኤሌክትሮንና የሆል ጥንዶች) መካከል ብርሃን መስጠት የሚፈቀድላቸው ድርሻ ነው፤ በኳንተም ሕግ መሠረት ከአራቱ አንዱ ሲንግሌት፣ ሦስቱ ትሪፕሌት የሚባሉ ዓይነቶች ይሆናሉ። ሦስተኛው የተፈቀደለት ኤክሳይቶን ሙቀት ሆኖ ከመቅረት ይልቅ ብርሃን የመሆን ዕድሉ ነው። አራተኛው የተፈጠረው ብርሃን ከንብርብሮቹና ከመስታወቱ አምልጦ የመውጣት ዕድሉ ነው። ብዜት በመሆኑ ሦስቱ ፍጹም ቢሆኑ እንኳ አራተኛው 0.2 ከሆነ ውጤቱ ከ20 በመቶ አያልፍም።

ይህን ሒሳብ በታሪክ ላይ ስትሞክሩት ትርጉሙ ይገባችኋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ ኩባንያ የሠሩት ባለ ሁለት ንብርብር ኦሌድ ውጫዊ ብቃቱ 1 በመቶ ያህል ነበር። ያ ዕቃ የሚያበራው በሲንግሌት ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ተባዢ 0.25 ነው፤ የመውጣት ዕድሉ 0.2 ገደማ ነው። ሁለቱ ብቻ ሲባዙ ጣሪያውን 5 በመቶ ያደርጉታል። ከዚያ ወደ 1 በመቶ ያወረደው በአብዛኛው የአመንጪው (ብርሃን የሚሰጠው ሞለኪውል)፣ አልኪው3 የተባለው የአሉሚኒየም ውህድ፣ የራሱ ድክመት ነው። በ1998 ማርክ ባልዶ፣ ስቲቨን ፎረስትና ማርክ ቶምፕሰን የነበሩበት የአሜሪካ ቡድን ፕላቲነም ባለበት ሞለኪውል ትሪፕሌቶቹም እንዲያበሩ አደረገ። ቀጥሎ ኢሪዲየም መጣ፤ ሁለተኛው ተባዢ ከ0.25 ወደ 1 ተጠጋ። በ2012 ደግሞ በጃፓን ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የቺሃያ አዳቺ ቡድን ያለ ምንም ከባድ ብረት፣ ትሪፕሌቱ በሙቀት ኃይል ወደ ሲንግሌት እንዲመለስ በማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደረሰ። ዛሬ ጥሩ አረንጓዴ አመንጪ በገበያ ይገኛል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተባዢ ለገዛው ሁሉ ቀርበዋል። የእናንተ ሥራ የሚበዛው አንደኛውና አራተኛው ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን መለኪያችሁን አስተካክሉ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ሁሉ አያስተማምንም።

ከመብራቱ በፊት ያለውን የከረንትና የቮልቴጅ ኩርባ ተመልከቱ። ጤናማ ኦሌድ ከመብራቱ በፊት ከረንት የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ወደ ኋላ 2 ቮልት ስትሰጡትና ወደ ፊት 5 ቮልት ስትሰጡት የሚያልፈው ከረንት ቢያንስ በመቶ ሺህ እጥፍ ካልተለያየ ኤሌክትሮኖቹ በአቧራ ቅንጣት ወይም በአይቲኦው (መስታወቱ ላይ የተቀባው ብርሃን አሳላፊ ኤሌክትሮድ) ሹል ጫፍ በኩል አቋርጠው እያመለጡ ነው። ያመለጠው ከረንት በስሌቱ ውስጥ ስለሚቆጠር በተለይ በዝቅተኛ ብርሃን ላይ ብቃቱን ያሳንሰዋል። እንዲህ ዓይነቱን ኦሌድ ከንጽጽር አውጡት፤ ማውጣታችሁንም መዝግቡ።

የመስታወቱን ጠርዝ በጥቁር መሸፈኛ ጋርዱ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የበራ ኦሌድን ከጎን ያየ ሰው ጠርዙ ምን ያህል እንደሚያበራ ያውቃል። ያ ብርሃን ወደ ሉላዊው ብርሃን ሰብሳቢ ከገባ ቁጥሩ ያለ አግባብ ያብጣል። ብርሃን ሰብሳቢ ሉል ከሌላችሁና የምትለኩት ከፊት ለፊት ብቻ ከሆነ ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ በላምበርት ሕግ (ከየትኛውም ጎን ሲታይ እኩል ደምቆ) ይሠራጫል ብላችሁ ገምታችኋል ማለት ነው። ግምቱ የንብርብር ውፍረት በተቀየረ ቁጥር ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ ኦሌዱን በሚዞር መቀመጫ ላይ አድርጋችሁ በየ10 ዲግሪው ለኩ፤ ኩርባው ከግምቱ ከራቀ አርሙ።

የቁጥሩን ዓይነትም ምረጡ። ካንዴላ በአምፔር (ለአንድ አምፔር ከረንት የሚገኝ የብርሃን ድምቀት) የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ያለውን አድልዎ ይዞ ይመጣል፤ ዓይን ከሁሉ በላይ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። እኩል የኳንተም ብቃት ካላቸው ሁለት ኦሌዶች አረንጓዴው ከሰማያዊው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ካንዴላ በአምፔር ያሳያል። ሉመን በዋት (ለአንድ ዋት ኃይል የሚገኝ ጠቅላላ ብርሃን) ደግሞ ቮልቴጁንም ያካትታል። በላምበርት ግምት ካንዴላ በአምፔርን በፓይ አባዝታችሁ ለቮልቴጁ ስታካፍሉ ታገኙታላችሁ። 60 ካንዴላ በአምፔር የሚሰጥ ኦሌድ በ6 ቮልት ቢሠራ 31 ሉመን በዋት ይሆናል፤ ያው ኦሌድ በ3 ቮልት ቢሠራ 63 ይሆናል። አንድም ፎቶን ሳይጨመር ብቃቱ እጥፍ ሆነ። ቮልቴጅን ማሳነስን ብዙ ሰው እንደ ጥቃቅን ሥራ የሚመለከተው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር የማነጻጸሪያ ኦሌድ ነው። የቫኪዩም ክፍሉ (ቁሶቹ እየተነኑ መስታወቱ ላይ የሚነባበሩበት አየር አልባ ክፍል) በየዕለቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ትናንት የተተነነ ነገር ግድግዳው ላይ ይኖራል፣ የቀረው የውሃ ትነት መጠን ይለያያል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ያልተለወጠ መደበኛ ኦሌድ አብሮ ይሠራ፤ ንጽጽሩም በዚያው ዙር ከተሠሩት ጋር ብቻ ይሁን። ተንቀሳቃሽ መሸፈኛ ያለው ክፍል ካላችሁ በአንድ መስታወት ላይ አምስትና ስድስት የተለያየ ውፍረት በአንድ ዙር መሥራት ትችላላችሁ። በተለያየ ሳምንት የተሠሩ ሁለት ኦሌዶችን አወዳድሮ «በ8 በመቶ አሻሽያለሁ» የሚል ሪፖርት አልቀበልም።

ስለ ጽዳት አጭር ልሁን። አይቲኦ የተቀባውን መስታወት በሳሙና፣ በተጣራ ውሃ፣ በአሴቶንና በአይሶፕሮፓኖል በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ውስጥ እያንዳንዱን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፤ ከዚያ በናይትሮጅን ማድረቅ፤ መጨረሻ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል በአልትራቫዮሌትና በኦዞን ማከም። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ቆሻሻ ከማቃጠል ያለፈ ጥቅም አለው። የአይቲኦውን ወርክ ፈንክሽን (ኤሌክትሮን ከቁሱ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት) ከ4.7 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ወደ 5 ስለሚያስጠጋው ሆል ለመግባት ይቀለዋል። ውጤቱ ግን በአየር ውስጥ እያለ ይቀንሳልና መስታወቱን ሳታቆዩ ወደ ቫኪዩም አስገቡት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሚዛኑ እንምጣ። በአብዛኛው የኦርጋኒክ ቁስ ሆል ከኤሌክትሮን ይፈጥናል። ኤንፒቢ በተባለው የሆል አጓጓዥ ውስጥ ያለ ሆል በአልኪው3 ውስጥ ካለ ኤሌክትሮን ከመቶ እጥፍ በላይ ፈጣን ነው። ስለዚህ ሆሎች ቀድመው ደርሰው ይከማቻሉ፤ የተረፉት አመንጪውን ንብርብር አልፈው ያለ ብርሃን ወደ ካቶዱ (ኤሌክትሮን ወደሚያስገባው የብረት ኤሌክትሮድ) ይሄዳሉ፣ ወይም ባሉበት ኤክሳይቶን ያጠፋሉ። ይህ በእናንተ ዕቃ ላይ መኖሩን በግምት አትናገሩ፤ ባለ አንድ ተሸካሚ ዕቃዎችን ሥሩ። አንዱ ሆል ብቻ እንዲያልፍ በካቶዱ በኩል ሞሊብደነም ኦክሳይድና አሉሚኒየም ይደረግለታል፤ ሌላው ኤሌክትሮን ብቻ እንዲያልፍ በሁለቱም በኩል ኤሌክትሮን የሚያስገባ ግንኙነት ይኖረዋል። አመንጪው ንብርብር በሁለቱም አንድ ይሁን። ሁለቱን ኩርባዎች በአንድ ወረቀት ላይ ስታስቀምጡ በየቮልቴጁ ማን እንደሚበልጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከሁሉም ሙከራዎች ይህን እወደዋለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ክርክርም ይዘጋል።

ሆል በዝቶ ካገኛችሁት መድኃኒቱ ብዙ ነው። በካቶዱ በኩል ከአሉሚኒየሙ በፊት ከ0.5 እስከ 1 ናኖሜትር ሊቲየም ፍሎራይድ መኖሩን አረጋግጡ፤ 3 ናኖሜትር ሲሆን ኤሌክትሮን አሳላፊ መሆኑ ቀርቶ ከልካይ ይሆናል። አልኪው3ን ፈጣን በሆነ የኤሌክትሮን አጓጓዥ ተኩ። ወይም አስተናጋጁን (አመንጪው በጥቂቱ የሚቀላቀልበትን ቁስ) ቀላቅሉት፦ ሆል የሚወደው ቲሲቲኤና ኤሌክትሮን የሚወደው ቲፒቢአይ አብረው እንዲተንኑ አድርጉ፤ የቅልቅሉን መጠን በመቀየር ሚዛኑን ታስተካክላላችሁ። እዚህ ድሬስደን የዳበረው ባህል ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳል። አጓጓዥ ንብርብሮቹ ራሳቸው ይዶፓሉ (ጥቂት ሌላ ቁስ ይቀላቀልባቸዋል)፤ የሆሉ በኤፍ4-ቲሲኤንኪው፣ የኤሌክትሮኑ በሲዚየም። የተዶፐ ንብርብር ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ አረንጓዴ ኦሌድ ከፎቶኑ ጉልበት፣ ማለትም ከ2.4 ኤሌክትሮን ቮልት ብዙም ባልራቀ ቮልቴጅ ይበራል። ውፍረቱን ብትጨምሩትም ቮልቴጁ አይንርም፤ ይህ ለኦፕቲክሱ ክፍል ትልቅ ነጻነት ይሰጣል።

ሚዛኑ ቢስተካከልም ግንኙነቱ የሚካሄድበት ቦታ ሌላ ጥያቄ ነው። ኤክሳይቶኖቹ በአመንጪው ንብርብር አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ተጨናንቀው ከተፈጠሩ ከጎረቤት ንብርብር ጋር ይነካካሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጠፋፋሉ። ቦታውን ለማወቅ እጅግ ስስ የሆነ ቀይ አመንጪ በአንድ ኦሌድ ውስጥ በግራ ጠርዝ፣ በሌላው መሐል፣ በሦስተኛው በቀኝ ጠርዝ አስገቡና ቀዩ የሚደምቀው በየትኛው እንደሆነ እዩ።

ከዚያ ትሪፕሌቱን አጥሩ። አረንጓዴው የኢሪዲየም አመንጪ ኢር(ፒፒዋይ)3 የትሪፕሌት ጉልበቱ 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲሆን የኤንፒቢ 2.3 ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተነባበሩ ኤክሳይቶኑ ወደ ዝቅተኛው ይፈስና ኤንፒቢ ውስጥ ያለ ብርሃን ይሞታል። በመካከላቸው 10 ናኖሜትር ቲሲቲኤ (2.8 ገደማ) ብታስገቡ መንገዱ ይዘጋል። እንደ ፈርፒክ ላለ ሰማያዊ፣ ጉልበቱ 2.6 አካባቢ ስለሆነ፣ ሲቢፒ እንኳ በቂ አስተናጋጅ አይደለም፤ ኤምሲፒ (2.9) ያስፈልጋል። የንብርብር ዝርዝራችሁን ስትጽፉ ከእያንዳንዱ ቁስ አጠገብ የትሪፕሌት ጉልበቱን ጻፉ። ኤችኦኤምኦና ኤልዩኤምኦ (ሆልና ኤሌክትሮን የሚጓዙባቸው የጉልበት ደረጃዎች) ብቻ የተጻፈበት ሥዕል ግማሽ ሥዕል ነው። የአመንጪውንም መጠን አታብዙት፤ ለኢሪዲየም አመንጪዎች ከ6 እስከ 8 በመቶ በክብደት ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው እርስ በርስ ብርሃን ይገድላሉ።

ያለ ቫኪዩም፣ በስፒን ኮተር (ፈሳሹን በማሽከርከር በሚቀባ መሣሪያ) ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር በፖሊመር ኤሌክትሮኒክስ ላይ ለብዙ ዓመታት ተሠርቷል፤ ብዙዎቻችሁም እጃችሁን የፈታችሁት በዚህ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፣ ማሟሚያውም ቶሎ ይተንናል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈን «በደቂቃ 2000 ዙር፣ 40 ናኖሜትር» የሚል መመሪያ እንዳለ አትቅዱ። ውፍረቱን ራሳችሁ ለኩና የራሳችሁን ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ፔዶት-ፒኤስኤስ (ሆል የሚያስገባ ፖሊመር) ውሃ የሚወድ ስለሆነ ከቀባችሁት በኋላ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በደንብ አድርቁት፤ ውስጡ የቀረ ውሃ ቆይቶ ካቶዱን ይበላል።

አሁን አራተኛው ተባዢ፣ የብርሃኑ መውጣት። የኦርጋኒክ ንብርብሩ የብርሃን ስብረት ልክ 1.7 እስከ 1.8፣ የመስታወቱ 1.5፣ የአየሩ 1 ነው። በሰያፍ የሚሄድ ብርሃን በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከካቶዱ ጋር ተጣብቆ ፕላዝሞን (በብረቱ ገጽ ላይ የሚጓዝ የኤሌክትሮን ሞገድ) ሆኖ የሚቀርም አለ። ወደ አየር የሚወጣው ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ውስጣዊ ብቃቱን (የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተባዢዎች ውጤት) ከ95 ወደ 98 በመቶ ለማድረስ ዓመት ሙሉ የሚለፋ ተማሪ ሳይ ያሳዝነኛል፤ አራት አምስተኛው ብርሃን መስታወቱ ውስጥና ብረቱ ላይ እየሞተ ነው።

መስታወቱ ውስጥ ስንት እንደታሰረ ለማወቅ ከመስታወቱ ጋር አንድ ዓይነት ስብረት ያለው ግማሽ ሉል ሌንስ በዘይት ለጥፉበትና በብርሃን ሰብሳቢው ሉል ለኩ። ሌንሱ ያለና የሌለ ሲሆን ያለው ልዩነት በመስታወቱ ውስጥ የታሰረው ብርሃን ነው። ለሥራ የሚውለው መፍትሔ ጥቃቅን ሌንሶች ያሉት ፊልም መለጠፍ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ብርሃኑን ከ1.3 እስከ 1.5 እጥፍ ያሳድጋል። ፊልሙን ለመለጠፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

በንብርብሮቹና በካቶዱ የታሰረውን ለማስለቀቅ ውፍረትን ማስተካከል ያስፈልጋል። አመንጪው ከብረቱ የሚርቅበት ርቀት ወሳኝ ነው፤ ከብረቱ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ወደ ፊት ከሚሄደው ጋር ወይ ይደጋገፋል፣ ወይ ይጠፋፋል። ለአረንጓዴ ብርሃን የመጀመሪያው መልካም ርቀት ከ50 እስከ 60 ናኖሜትር አካባቢ፣ ሁለተኛው 200 ናኖሜትር አካባቢ ነው። በሁለተኛው ላይ ከብረቱ ስለሚርቅ ወደ ፕላዝሞን የሚሄደው ይቀንሳል። ያልተዶፐ 200 ናኖሜትር ቮልቴጁን ሰማይ ያደርሰዋል፤ የተዶፐ ግን አይጎዳም። ሴባስቲያን ራይነከና የድሬስደን ባልደረቦቹ በ2009 በኔቸር መጽሔት ባሳተሙት ሥራ እነዚህን መንገዶች አጣምረው፣ ከፍተኛ ስብረት ያለው መስታወት ጨምረውበት፣ በ1000 ካንዴላ በካሬ ሜትር ላይ 90 ሉመን በዋት የሚሰጥ ነጭ ኦሌድ ሠሩ። ይህ ከፍሎረሰንት ቱቦ ጋር የሚስተካከል ነው። ያ ውጤት የአንድ ተአምረኛ ሞለኪውል ሥራ ስላልሆነ ለተማሪዎች ደጋግሜ አነሣዋለሁ።

የአመንጪው አተኛኘትም ይቆጠራል። ብርሃን የሚሰጠው ዳይፖል (በሞለኪውሉ ውስጥ እንደ ጥቃቅን አንቴና የሚሠራው) ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ከተኛ ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወደ ጎንና ወደ ብረቱ ይባክናል። ረዘም ያለና ጠፍጣፋ ቅርጽ ያላቸው ሞለኪውሎች ይበልጥ ይተኛሉ። ሞለኪውል መምረጥ የምትጀምሩት እዚህ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ነው።

ብቃቱ በደማቅ ብርሃን ላይ የሚወድቅ ከሆነ ትሪፕሌቶቹ እየተጋጩ ነው። የኢር(ፒፒዋይ)3 ትሪፕሌት የሚኖረው አንድ ማይክሮሰከንድ ያህል ነው፤ የመጀመሪያው የፕላቲነም ሞለኪውል ግን በአሥር እጥፎች ስለሚረዝም ቶሎ ይጨናነቃል። ዕድሜው አጭር የሆነ አመንጪ ምረጡ፣ ግንኙነቱ የሚካሄድበትንም ቦታ አስፉ፦ አመንጪው በቲሲቲኤ ውስጥ፣ ቀጥሎም በቲፒቢአይ ውስጥ ተዶፖ ሁለቱ ንብርብሮች ሲነባበሩ ኤክሳይቶኖቹ በሁለቱም በኩል ይሠራጫሉ። ሁለት ኦሌዶችን አንዱን በሌላው ላይ መደርደርም አለ፤ በ2024 የወጣው አይፓድ ፕሮ ስክሪን የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ለተመሳሳይ ድምቀት እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ከረንት ስለሚሸከም ዕድሜው ይረዝማል። ቮልቴጁም ግን እጥፍ ስለሚሆን ካንዴላ በአምፔሩ ሲያድግ ሉመን በዋቱ ብዙም አይነቃነቅም፤ ሪፖርት ስታነቡ ይህን አስተውሉ።

ኦሌዱን ከአየርና ከእርጥበት ለመከላከል፣ ውሃና ኦክስጅን እያንዳንዳቸው ከሚሊዮን አንድ ክፍል በታች በሆኑበት ግላቭቦክስ (በጓንት የሚሠራበት ዝግ ሳጥን) ውስጥ የመስታወት ክዳን በአልትራቫዮሌት በሚደርቅ ኤፖክሲ አጣብቁ፤ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ካልሲየም ኦክሳይድ አስቀምጡ። ኤፖክሲውን ስታደርቁ የሚያበራውን ክፍል ከአልትራቫዮሌቱ ጋርዱት።

ውጤት ስታቀርቡ ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ አትስጡ። ብቃቱን በ100ና በ1000 ካንዴላ በካሬ ሜትር ላይ፣ ቮልቴጁን፣ ኦሌዱ የሚያበራበትን ስፋት፣ ብርሃኑ የተለካበትን ዘዴ፣ ከተሠሩት ስንቱ እንደሠሩና አማካያቸውን፣ እንዲሁም ድምቀቱ ወደ ግማሽ እስኪወርድ የፈጀውን ሰዓት ከነመነሻ ድምቀቱ ጻፉ። የማነጻጸሪያው ኦሌድ ቁጥሮችም በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ከአዲሱ ጎን ይቀመጡ።